ሳይከፈት የተመለሰ ደብዳቤ

በሆስፒታሉ የአጥንት ክፍል ውስጥ ስሙን የሚጠራው ሰው አልነበረም። ከዋናው ሐኪም እስከ በር ጠባቂው ድረስ ሁሉም «ጄሶ» ይሉታል። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ የተሰበረ እጅና እግር በጄሶ ሲጠቀልል ኖሮ፣ እጁ ቀርቶ ቅንድቡ እንኳን ነጭ ሆኖ ወደ ቤቱ የሚገባበት ቀን ብዙ ነው። ጨዋታ አዋቂ ነበር። የሚያለቅስ በሽተኛ ሲገጥመው «አይዞህ፣ የሰበረህ ሰው እኔ አይደለሁም» እያለ ያስቀዋል። ያ ጨዋታው ግን ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ጠፍቷል፤ ምክንያቱን የሚያውቁት እሱና እናቱ ብቻ ናቸው።

ነገሩ የጀመረው ከአስር ወር በፊት ነው። አንዲት የቲያትር መምህርት ከመድረክ ወድቃ የእጅ አንጓዋ ተሰብሮ ትመጣለች። ሕመሙን ችላ ብላ ስለሰነበተች አጥንቱ ያለቦታው መግጠም ጀምሯል። ሐኪሙ መልሶ ሊስበው ሲዘጋጅ ጄሶ ክንዷን ያዘና «አልዋሽሽም፣ ያማል» አላት። «ያለቦታው የገጠመ አጥንት ዝም ካሉት ዕድሜ ልክ ያማል፤ ስበው ሲመልሱት ግን አንዴ አስጩሆ ይለቃል።» ጮኸች። እንባዋን ሳትጠርግ ደግሞ ሳቀች። ጄሶው በስድስት ሳምንቱ ተፈታ፤ የሁለቱ ነገር ግን እንደታሰረ ቀረ።

አባቷ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ በመንገድ ሲያልፉ ሰው ሁሉ ሳይታዘዝ የኮቱን ቁልፍ የሚቆልፍላቸው ዓይነት። የጄሶ እናት ደግሞ የዚያው ሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ናት። «ጊዜ ስጠኝ፣ አባቴን እኔ አሳምነዋለሁ» ትለው ነበር መምህርቷ። እሱም አምኗት ነበር፤ ያንን የቅዳሜ ከሰዓት እስኪያይ ድረስ።

የዚያን ቅዳሜ የሄደው ጭምብል ሊያደርስ ነው። በጥንት ግሪኮች ሥርዓት ራሷ የጻፈችውን ተውኔት ከተማሪዎቿ ጋር ታዘጋጅ ነበር። ተዋንያኑ ሁሉ ጭምብል ስለሚያደርጉ፣ የየሰዉን ፊት በጄሶ ቀርጾ እንዲያወጣ የለመነችው እሱን ነው። ታሪኩን በዜማ የሚያጅቡትን የስምንቱን መዘምራን ጭምብል ጨርሶ በካርቶን ተሸክሞ ወደ አዳራሹ ገባ፤ ልምምዱን ላለማቋረጥ ብሎም ከኋላ ቆመ።

ንጉሡን የሚጫወተው አንድ ጠበቃ ነው። የአባቷ ወዳጅ ልጅ፣ ቁመቱ መለሎ፣ ድምፁ አዳራሹን የሚሞላ።

«አንድ ነገር አልገባኝም» አለ ጠበቃው። «ንጉሡ ክፉ ሰው አይደለም። ከተማውን ከጠላት ለማዳን ብሎ በማዕበል መሀል የወደቡን በር ያስዘጋል። ውጭ የቀረችው ጀልባ የገዛ ልጁን እንደያዘች አያውቅም። ታዲያ ምን አጠፋ ብለን ነው እንዲህ የምናሰቃየው?»

«ነገሩ እኮ እሱ ነው!» አለች መምህርቷ። «ክፉ ሰው ሲወድቅ ብናይ "እሰይ" ብለን ቤታችን እንገባለን። እንከን የሌለው ሰው በከንቱ ሲወድቅ ብናይ ደግሞ እንናደዳለን እንጂ ሌላ አንሆንም። ግሪኮቹ ለትራጀዲ፣ ለአሳዛኝ ተውኔታቸው፣ የመረጡት መሀል ላይ ያለውን ሰው ነው፤ ትልቅ ሆኖ እንደ እኔና እንደ አንተ የሚሳሳተውን። ሲሳሳት ልክ የሠራ ይመስለዋል። እውነቱ የሚገለጥለት ከረፈደ በኋላ ነው። ያኔ ለሱ እናዝናለን፤ ለራሳችን ደግሞ እንፈራለን።»

«አዝነንና ፈርተን ምን እናተርፋለን?»

ትንሽ አሰበች። «ያለቦታው የገጠመ አጥንት» አለች ቀስ ብላ፣ «ዝም ካሉት ዕድሜ ልክ ያማል። ስበው ሲመልሱት ግን አንዴ አስጩሆ ይለቃል። ትራጀዲ የሚሠራው ይህንን ነው፤ በውስጣችን ያለቦታው የተቀመጠውን ፍርሃትና ሀዘን ስቦ ይመልሰዋል።»

ጠበቃው አጨበጨበ። «የኔ እመቤት! ይሄን ደግሞ ከየት አመጣሽው?»

«ከአንድ ሰው» አለች።

ጄሶ ከኋላ ቆሞ ፊቱ ሲግል ተሰማው። ያ ቃል የሁለቱ ብቻ ነበር። እሷ ግን ለሕዝብ በተነችው፤ ቃሉን የተናገረው ሰውም ስም አጥቶ «አንድ ሰው» ሆኖ ቀረ። ይባስ ብላ ወደ ጠበቃው ተጠጋችና «ጭምብል ስታደርግ ዓይንህ አይታይም፤ ሀዘንህን በአንገትህ ነው የምታሳየው» ብላ አገጩን ይዛ ቀና አደረገችው። ጄሶውን ከፈታላት በኋላ አንድ በአንድ እያፍታታ ነፍስ የዘራባቸው ጣቶቿ የሌላ ሰው አገጭ ላይ አረፉ። ጠበቃው ዓይኖቹን ጨፈነ።

ጄሶ ካርቶኑን ወንበር ላይ አስቀምጦ ወጣ። በመንገዱ ሁሉ የተጨፈኑት ዓይኖች አልለቀቁትም። ሰው እንዲያ የሚጨፍነው ሲመቸው ነው።

ሰኞ ዕለት በር ጠባቂው ፖስታ ይዞለት መጣ። ጽሕፈቷን ገና ከሩቅ ለየው። ተቀብሎ አገላበጠው፤ ከዚያ «መልስላት» አለ።

እናቱ ነገሩን ስትሰማ የያዘችውን አንሶላ መልሳ ውሃው ውስጥ ለቀቀችው።

«ሳታነበው?»

«ምን እንደሚል አውቀዋለሁ እማዬ። "ይቅርታ አድርግልኝ፣ አባቴ ለጠበቃው ሊድረኝ ነው" ነው የሚለው።»

«ይበል እንጂ! ካለም በዓይንህ አይተህ እመን። የሰው ቃል እንደ ቆሸሸ አንሶላ ሳይገለጥ ይመለሳል እንዴ?» እጇን በሽርጧ አደረቀች። «ቁርጥ አባትህን! ትንሽ ውጭ ከዘገየሁ፣ ከማን ጋር እንደዋልኩ ራሱ ፈጥሮ፣ ራሱ አምኖ፣ ራሱ አኩርፎ ነው የሚጠብቀኝ። ቤት ስደርስ ክርክሩ አልቆ ፍርዱ ብቻ ነው የቀረኝ።»

«አባቴ ጠበቃ አልገጠመውም።»

«አንተስ መች ገጠመህ? አገጩን ስትነካው አየህ እንጂ ስትስመው አላየህ!»

ልጅየው አንሶላውን ከውሃው አውጥቶ ጨመቀላት። የእናቱ ቃል ግን ቅናቱን አላበረደውም።

አርብ ዕለት ሁለተኛው ደብዳቤ መጣ፤ ከመጀመሪያው ወፈር ያለ። «በእጇ ነው የሰጠችኝ» አለ በር ጠባቂው፤ «ታች ቆማለች።» ጄሶ ወደ መስኮቱ ሄደ። ግራጫ ካፖርቷን ለብሳ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ያኔ ቢወርድ ኖሮ አለመግባባቱ ሁሉ እዚያው ባበቃ ነበር። ሊወርድም አንድ እግሩን አንስቶ ነበር። ግን ከጀርባዋ ከመንገዱ ማዶ አንድ መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል፤ መሪው ላይ ያለው ሰው ጠበቃው ነው።

«መልስላት» አለ።

በመጋረጃው ጥግ ሆኖ አያት። ፖስታውን ተቀበለች፤ ማሸጊያውን በጣቷ ዳሰሰች፤ እንዳልተከፈተ ስታውቅ ቀና ብላ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ማየት ጀመረች። የሱ መስኮት ላይ ሳትደርስ መጋረጃውን ለቀቀው። ያሸነፈ መስሎት ነበር።

በሚቀጥለው ረቡዕ ጠበቃው ራሱ የጄሶውን ክፍል በር ከፍቶ ገባ። የንጉሡ ፊት ገና አልተቀረጸም፤ ተውኔቱ ሊታይ የቀረው ዘጠኝ ቀን ነው።

«ወንድሜ፣ ጄሶ የሚሉህ አንተ ነህ? ፊቴን አደራ፤ እንጀራዬ እሱ ነው።»

«አይስጉ፣ ከመጣው የባሰ አይሆንም» አለ ጄሶ።

ጠበቃው ከት ብሎ ሳቀ። ሳቁ የሚወደድ መሆኑ ጄሶን ይበልጥ አናደደው። አልጋው ላይ አስተኛው፤ ቅንድቡንና ሽፋሽፍቱን ቫዝሊን ቀባ። ጉድለት ቢያገኝ ብሎ ፊቱን ከላይ እስከ ታች መረመረው፤ አላገኘም። የጄሶ ፋሻውን ለብ ባለ ውሃ ነክሮ ከግንባር ጀመረ።

«ይሄ ትራጀዲ የሚሉት ነገር» አለ ጠበቃው ዓይኑን ጨፍኖ፣ «መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ፍርድ ቤት በየቀኑ የማየው ሰው የሠራውን አውቆ የሚክድ ነው። ልክ መስሎት አምኖ፣ መሳሳቱን ሲያውቅ የሚሰበር ሰው ግን አላየሁም ነበር። እሁድ ዕለት አየሁ።»

ጄሶ ጉንጩን ሸፈነ።

«መምህርቷ ቤት ነበርኩ። ጠረጴዛው ነጭ ጨርቅ ለብሷል፤ አባቷ አዲስ ክራቫት አስረዋል፤ እሷ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ…»

ጄሶ እጁን ከጉንጩ ላይ አነሳ። የሽምግልና ምሳ! አባቷ፣ ክራቫት፣ ሰማያዊ ቀሚስ፤ በገዛ አፉ ሊተርክለት ነው። ረጅሙን ፋሻ ከውሃው አወጣ።

«አሁን አፍ ይዘጋል» አለ።

«አንድ እንግዳ እየጠበቁ ነበር…» ብሎ ሳይጨርስ እርጥቡ ፋሻ ከንፈሩ ላይ አረፈ። ሁለተኛው ተደረበ። ሦስተኛው ተከተለ። ከአፍንጫው ቀዳዳዎች በቀር የጠበቃው ፊት በሙሉ ነጭ ሆነ።

ጄሶ እጁን ከፊቱ ላይ ሳያነሳ ቆመ። እንግዳ? የቤቱ ሙሽራ ጠበቃው ከሆነ እንግዳው ማን ነው? ጄሶው እስኪደርቅ አስራ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ከዚያ በፊት ቢነሳ ይሰበራል፤ መልሱን የሚያውቀው ሰው ደግሞ አፉ ታሽጓል። ያሸገው ራሱ ነው።

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ። አንድ ደቂቃ እንኳን አልሞላም።

«ይሰሙኛል?» አለ በመጨረሻ። «አዎ ከሆነ አንድ ጣት ያንሱ፤ አይደለም ከሆነ እጅዎን ያወዛውዙ።»

አንድ ጣት ተነሳ።

«እንግዳው… መጣ?»

እጁ ግራና ቀኝ ተወዛወዘ።

«ማን ነበር? ዘመድ ነው?» ተወዛወዘ። «እሷን… እሷን ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው ነው?»

ጣቱ ተነሳ። ከዚያ እጁ ተመልሶ ደረቱ ላይ ሲያርፍ፣ ክብደቱ የጄሶ ደረት ላይ ያረፈ ያህል ነበር። አስራ አራት ደቂቃ ቀርቷል። ከዚያ በላይ መጠየቅ ፈራ።

ሲደርቅ በሁለት እጁ አላቀቀው። ጠበቃው ፊቱን በፎጣ እየጠረገ ተነሳና ካቆመበት ቀጠለ። «ሁለት ጊዜ እንድታገባኝ ጠይቄያት ነበር፤ ሁለቴም "ሌላ ሰው አለ" ብላ መለሰችኝ። ማን እንደሆነ አልነገረችኝም። ስምንት ወር አባቷን ስትለምን ኖራ በመጨረሻ "ለምሳ ይምጣ" አሏት። እኔ አንድ ወረቀት ላደርስ ገብቼ ነው ያየሁት። ሰውየው ሳይመጣ ቀረ። የጻፈችለትን ደብዳቤ እንኳን ሳይከፍት እንደመለሰላት ለእኔ ብቻ ነገረችኝ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ? ከዚያ ፊቷን አየሁትና ደስታዬ አሳፈረኝ። አርብ ዕለት ራሱ ደብዳቤውን ልታደርስ እኔው ነኝ በመኪናዬ እዚህ በር ድረስ…»

ቃሉ አፉ ውስጥ ቀረ። ነጩን ጋውን አየ፤ ነጩን እጅ አየ፤ እንደ ጄሶው የነጣውን ፊት አየ።

«አንተ ነህ» አለ።

ጄሶ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

ጠበቃው ፎጣውን በጡጫው ጨመቀ። የሚመታው ቢመስለውም ጄሶ አልሸሸም፤ እንዲያውም ቢመታው ደስ ባለው። ጠበቃው ግን አልጋው ጠርዝ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። «ስምንት ወር ሙሉ መልክህን ሳላውቅ ቀንቼብሃለሁ» አለ። «አንተም በኔ?»

«እኔም በእርስዎ።»

«በምኔ?»

«አገጭዎን ስትይዝ አየሁ።»

ጠበቃው ዝቅ ባለ ድምፅ ሳቀ፤ ሳቁ ውስጥ ደስታ አልነበረም። «ሂድ» አለው። «ምን ቆመህ ታየኛለህ? ሂድ እንጂ!»

ጄሶ አዳራሹ ሲደርስ መምህርቷ ብቻዋን መድረኩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የተውኔቱን ጽሑፍ ታርማለች። ጉንጮቿ ጎድጉደዋል። ስታየው አልደነገጠችም። ከቦርሳዋ ወፍራሙን ፖስታ አወጣችና ወለሉ ላይ ገፋ አድርጋ አስቀመጠችለት።

«የአንተ ነው።»

ከፈተው። ቆሞ አነበበው።

«ወዳጄ፣ የመጀመሪያው ለምን እንደተመለሰ አልገባኝም፤ ተሳስተህ ይሆናል ብዬ እንደገና ጻፍኩ። አባቴ እሺ አለ። እሁድ ስድስት ሰዓት ይጠብቅሃል። ወንበርህን የት እንደሚያደርግ ሲጨነቅ ብታየው ትስቃለህ። የአጥንቱን ነገር ለተማሪዎቼ ነግሬያቸው "ከየት አመጣሽው" ሲሉኝ ስምህ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አባቴ ሳይሰማው ሌላ ሰው እንዳይሰማው ብዬ ዋጥኩት። ከእሁድ በኋላ ግን ጮክ ብዬ እጠራሃለሁ።»

ከዚያ በታች ያለው ደበዘዘበት። «እኔ እኮ…» አለ።

«አውቃለሁ። ቀንተህ ነው። ሁለተኛውም ሲመለስ፣ ቅዳሜ ወንበር ላይ ያገኘሁት ካርቶን ትዝ አለኝና ገባኝ።» ድምጿ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። «ብትጠይቀኝ አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። ወርደህ ብትሰድበኝ እንኳን ይሻል ነበር። አንተ ግን በሩን ዘጋህ።»

«ይቅር በይኝ።»

«እኔን አትለምነኝ!» ብድግ አለች። «እሁድ እንደማትመጣ እኔ አውቄ ነበር። ያላወቀው አባቴ ነው። ስምንት ወር ሙሉ "ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነው" እያልኩት ኖሬ፣ ደብዳቤዬን ሳይከፍት መለሰው ብዬ መንገር አቃተኝ። አባቴ ሦስት ሰዓት ጠበቀህ። ለማንም የማይነሳው አባቴ ስንት ጊዜ ተነስቶ በመስኮት አየ! "መንገድ ተዘጋግቶበት ይሆናል" እያለ እኔን ያጽናናኛል። እኔ እያወቅኩ ቁጭ ብዬ አየሁት። ይሄን ነው ያስደረግኸኝ።»

«አልቅሽ» አላት ሳያስበው። «ዝም አትበይ።»

«እምቢ አለኝ። ከእሁድ ወዲህ እምቢ አለኝ። ሰው እንዴት እንደሚያለቅስ እያስተማርኩ እዋላለሁ፤ እኔ ግን አልቻልኩም።» ጀርባዋን ሰጠችው። «ተማሪዎቼ ሊመጡ ነው። ሂድልኝ።»

ወጣ። ውጭ ፀሐይ ነበር፤ ሰዉ ይስቃል፣ ይንጫጫል። እሱ ግን የሚያስበው አይቷቸው ስለማያውቃቸው ሽማግሌ ነበር፤ ክራቫት አስረው ሲነሱና ሲቀመጡ፣ ሲነሱና ሲቀመጡ።

የዳኛውን ቤት ያውቀዋል፤ ስንት ቀን በሩቅ አልፎበታል። ጋውኑን እንኳን አላወለቀም። ሲያንኳኳ በሩን የከፈቱት ራሳቸው ናቸው፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ጋዜጣ ይዘው።

«ማን ልበል?»

«እሁድ ዕለት ሳይመጣ የቀረው ሰው ነኝ።»

ዳኛው መነጽራቸውን አወረዱ። ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ሦስት ቀን ዘግይተሃል» አሉ።

«ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። ሌላ ምንም አልጠይቅም።»

«ለምን ቀረህ?»

«ቀናሁ። ደብዳቤዋን ሳልከፍት መለስኩት። እንደሚጠብቁኝ አላወቅኩም፤ ያላወቅኩት ግን ማወቅ ስላልፈለግኩ ነው።»

«በማን ነው የቀናኸው?»

«በጠበቃው።»

«በዚያ?» አሉ ዳኛው። «ይሄ ጉልበቴ ላይ ሸንቶብኝ የሚያውቅ ልጅ እኮ ነው!» ወዲያው ግን ፊታቸው ተመልሶ ጠቆረ። በሩን አልዘጉም፣ ግባም አላሉም። «አርባ ዓመት ፈርጃለሁ» አሉ በመጨረሻ። «በቅናት ሰው የጎዳ ሁሉ ፊቴ ቆሞ "ተናድጄ ነው" ይላል። "ቀናሁ" ያለኝ ግን አንድም ሰው የለም።»

«ልሂድ?»

«የት ነው የምትሄደው? ፍርዱ እኮ የእኔ አይደለም፤ የእሷ ነው። አስራ አንድ ሰዓት ትመጣለች። እሁድ እኔ ሦስት ሰዓት ጠብቄሃለሁ፤ ዛሬ ደግሞ አንተ ጠብቅ።»

ሳሎኑ ውስጥ ወንበር አመለከቱት። ዳኛው ጋዜጣቸውን ገለጡ፤ አንድም ገጽ ግን አላገላበጡም። ጄሶ ተቀመጠ። በደጅ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ይነሳል፤ ኮቴው ሲያልፍ ይቀመጣል። ለሦስተኛ ጊዜ ሲነሳ ዳኛው ከጋዜጣው በላይ አዩት። እሱ ግን ዓይናቸውን ማየት አልቻለም።

አስራ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ በሩ ተከፈተ። መምህርቷ ጽሑፏን ደረቷ ላይ አቅፋ ገባች፤ አባቷን አየች፤ እሱን አየች፤ ባለችበት ቆመች።

«እንግዳሽ መጥቷል» አሉ ዳኛው። ጋዜጣቸውን አጣጥፈው፣ በአጠገቧ ሲያልፉ ትከሻዋን ነካ አድርገው ወደ ጓዳ ገቡ።

«ማን ጠራህ?» አለች።

«ማንም። አባትሽን ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

«ምን አለህ?»

«ጠብቅ አሉኝ።»

«ስንት ሰዓት ጠበቅክ?»

«ሁለት ሰዓት ይሆናል። ስንት ጊዜ እንደተነሳሁ አላውቅም።»

ወረቀቶቹ ከእጇ አመለጡና ወለሉ ላይ ተበተኑ። በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ቁጭ አለች፤ ከእሁድ ጀምሮ እምቢ ያላት እንባ ያለ ድምፅ መጣ፤ ከዚያ ድምፁም ተከተለ። አባቷን ጠራች፣ እሱን ሰደበች፣ ራሷንም ሰደበች።

«ልምጣ?» አላት።

ራሷን ነቀነቀች፤ አይሆንም። ወደ በሩ ሊሄድ ሲል ግን «አትሂድ» አለች፤ ቀና ብላ ሳታየው።

ባለበት ቆመ። ይቅር ትበለው አትበለው አላወቀም። ይህችን ሴት ሊያጣት እንደሚችል ፈራ፤ ስለሰበራት ደግሞ አዘነላት፤ ሁለቱ ስሜቶች አንድ ላይ መጡበት። ስለ ጠበቃው ግን አንድም ጊዜ አላሰበም።